ክፍቱ ቤት

ኩታበር ውስጥ ሰው ጠንከር ያለ በሽታ ሲይዘውና ጤና ጣቢያው ወደ ደሴ ሂዱ ብሎ ወረቀት ሲጽፍ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ የሚመክረው ምክር አንድ ነው። «ሆስፒታሉ ለታማሚ እንጂ ለአስታማሚ አልጋ የለውም፤ ከሰኞ ገበያ ሽቅብ ስትሉ ክፍቱን ቤት ጠይቁ» ይባላል። ክፍቱ ቤት የሥርጉት ቤት ነው። አራት ክፍል ያለው የጭቃ ቤት ሲሆን፣ ግቢው ጠባብ፣ የውጭ በሩ አረንጓዴ የተቀባ ብረት ነው፤ በሩም ጠዋት ገርበብ ይልና እንደዚያው ይመሻል። አስታማሚም ተመላላሽ ታማሚም ያድርበታል፤ ለማደሪያ የሚከፍል የለም። የመጣው ፍራሽ ይዘረጋል፣ የሚሄደው አጥፎ ያስቀምጣል፤ በርበሬና ሽንኩርት የተረፈው ለሚቀጥለው ትቶ ይወጣል።

ሥርጉት ጴንጤ ናት፣ እሁድ እሁድ ከጸሎት ቤት አትቀርም። ቤቷን ለሰው የከፈተችው ግን ሰባኪ ሰምታ አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ ስታጥብ ኖራለች። ጠዋት ወደ ሥራ ስትገባ ደረጃ ሥርና ኮሪደር ላይ፣ በዚያ በደሴ ብርድ፣ በአንድ ነጠላ ተኮራምተው ያደሩ ሰዎችን እየተራመደች ነበር የምታልፈው። አንድ ቀን አልቻለችም፤ አንዲትን ሴት እጇን ይዛ ወደ ቤቷ ወሰደች። ባሏ ብሩ አናጺ ነበር፣ ነገር የማያበዛ ሰው። ሴትዮዋን አየ፣ በሳምንቱ ሁለት አልጋ ሠርቶ አስገባ። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ሰው ጠፍቶበት አያውቅም። ብሩ ሊሞት ሰሞን አደራ ያላት ነገርም ይኸው ነበር፤ «ቤቱን እንዳትዘጊው» አላት።

እሱ ካለፈ በኋላ የደሴ ብርድ ጉልበቷ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ስላላት፣ ልጇ ወንጌላዊት ወደ ኮምቦልቻ ወሰደቻት። ኮምቦልቻ ሞቅ ይላል፤ ጉልበት ያለው ሰው ብቻ ሳይሆን ጉልበቱን ያጣም ይኖርበታል። ቁልፉን ለጎረቤቷ ለመዲና ሰጠች። ሥርጉት ራሷ በወር አንዴ በሚኒባስ ሽቅብ ትመጣና ብርድ ልብስ ቆጥራ፣ ቆሻሻ አስጠርጋ፣ ከበሽተኞቹ ጋር ተጫውታ ትመለሳለች።

እንግዲህ ነገሩ በዚህ ላይ እንዳለ ነው ከተማው ደንብ ያወጣው። የቤት ኪራይ ጣሪያ ነክቶ፣ አዲስ የተቀጠረ መምህርና ነርስ ማደሪያ ሲያጣ፣ በሌላ በኩል ደግሞ የስንቱ ሀብታም ቤት ተቆልፎ አይጥ ሲፈነጭበት ጊዜ፣ ሰው ያልኖረበት ቤት ላይ ግብር ይጣል ተባለ። በዓመት ከስድስት ወር በላይ ሰው ያልኖረበት ቤት፣ የቤት ግብሩን ሦስት እጥፍ ይከፍላል። በዓመቱም እንደዚያው ከሆነ አምስት እጥፍ ይሆናል። ባለቤቱ ሞቶ ውርሱ ያላለቀ፣ ወይ በፈቃድ የሚታደስ፣ ወይ ባለቤቱ ታሞ የተኛ እንደሆነ ብቻ ይማራል። እያንዳንዱ ባለቤት ቤቱ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ በየዓመቱ ራሱ ቅጽ ሞልቶ ማስታወቅ አለበት፤ ዝም ያለ፣ ቤቱ ሰው እንደሌለበት ይቆጠራል። ሥርጉት ይህን ስትሰማ እሰይ ነው ያለችው። ከቤቷ ፊት ለፊት አራት ዓመት ሙሉ መስኮቱ ተከፍቶ የማያውቅ ባለ ሦስት ፎቅ ነበረ፤ ባለቤቱ ባሕር ማዶ ነው። እሷ ቤት ሰው ተደራርቦ ሲተኛ ያ ሁሉ ክፍል ባዶውን ማደሩ ሲያበሳጫት ኖሯል።

ቅጹ በጥቅምት ደረሰ። መዲና በሚኒባስ ሹፌር እጅ ኮምቦልቻ ድረስ ላከችላት። ሥርጉት መነጽሯን አድርጋ፣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ስም፣ የቤት ቁጥር፣ የካርታ ቁጥር። ከዚያ «የቤቱ ሁኔታ» ይልና ሁለት ሳጥን አለ። አንዱ «ባለቤቱ ወይም ተከራይ የሚኖርበት» ይላል፣ ሌላው «ክፍት» ይላል። የመጀመሪያውን አየችው። እሷ የምትኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ ተከራይም የላትም። መዋሸት አልወደደችም። ሁለተኛውን ስታይ ግን ፊቷ በራ። ኩታበርም ወግዲም ያለ ሰው ቤቷን የሚጠራው በምን ሆነና ነው? ክፍት የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ይህም አልበቃ ብሏት፣ ከሳጥኑ አጠገብ በእጅ ጽሑፍ «ለሁሉም ሰው» ብላ ጨመረችበት። ፈርማ መለሰች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። በታኅሣሥ የመጣው ደብዳቤ ቤቱ በባለቤቷ ማረጋገጫ መሠረት ክፍት መሆኑ ስለታወቀ ሦስት እጥፍ እንድትከፍል፣ ቅሬታ ካላትም በሠላሳ ቀን ውስጥ እንድታቀርብ ይላል። ሥርጉት ሁለት ጊዜ አነበበችው። የጡረታዋ ነገር የታወቀ ነው፤ ይህን ከከፈለች ቤቱን መሸጥ ወይ ማከራየት ነው የሚቀራት። ለመጀመሪያ ጊዜ ብሩን በመሞቱ ተቆጣችው፤ እሱ ቢኖር ይህን ወረቀት ይዞ የሚሄደው እሱ ነበር።

ቢሮው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ያን ደረጃ በዚያ ጉልበት ወጣች። ምንይሉ የሚባል ወጣት ሠራተኛ ተቀበላት። ክፉ ልጅ አይደለም፣ ወንበርም ስቦላታል። ነገር ግን ኮምፒውተሩን እንጂ እሷን አያይም።

«ክፍት ብለው ሞልተዋል» አላት።

«ክፍት ስለሆነ ነዋ።»

«ታዲያ ቅሬታዎ ምንድን ነው፣ እትዬ?»

ነገሩ እስኪገለጥላቸው ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ ምንይሉ እጁን ከመጻፊያው ላይ አንስቶ፣ ክፍት ማለት ባዶ ማለት መሆኑን፣ ክፍት የሥራ ቦታ እንደሚባለው እንደሆነ አስረዳት። ሥርጉት ተናደደች። ባዶ ለማለት ባዶ የሚል ቃል አጥታችሁ ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። ቅጹን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም አለ፤ እውነቱን ነው። ለሁሉም ሰው ብላ የጻፈችውስ? እሱን ኮምፒውተሩ የሚያስገባበት ሳጥን የለውም።

«ሰው ይኖርበታል ነው የሚሉኝ?» አለ ምንይሉ።

«ሰው ጠፍቶበት አያውቅም።»

«የሚኖረው ሰው ስሙ ማን ይባላል?»

ሥርጉት ያሉትን በጣቷ መቁጠር ጀመረች። የትኛውን ትጥራ? በየሳምንቱ ስሙ ይለወጣል። ዓመቱን ሙሉ ሰው የሚያድርበት ቤት ነው፣ ግን ስድስት ወር የኖረበት አንድም ሰው የለም። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼኔ ነው።

ከዚያ ወዲያ መመላለስ ሆነ። ማስረጃ ይምጣ ተባለች፤ ወይ የነዋሪ መታወቂያ፣ ወይ የኪራይ ውል፣ ወይ የመብራት ቆጣሪ ንባብ። የሚያድሩት ሰዎች መታወቂያ የኩታበር ነው። ውል የለም፣ ኪራይ የለምና። የመብራቱን ንባብ ልታወጣ ሁለት ጊዜ ሄደች፤ አንዴ ኔትወርክ የለም ተባለች፣ አንዴ ሠራተኛው ስብሰባ ነው ተባለች፤ በሦስተኛው ሲወጣ ፍጆታው ትንሽ ነው። በሽተኛ በጊዜ ይተኛል፣ ገጠሬም በከሰል ነው የሚያበስለው። በዚያው ሰሞን ያ ፊት ለፊቷ ያለው ባለ ሦስት ፎቅ፣ የባለቤቱ ዘመድ ማታ ማታ መብራት እያበራ፣ ሰገነቱ ላይ ሁለት ሸሚዝ እየሰቀለ፣ በራሱም ስም መታወቂያ አውጥቶ፣ ሰው ያለበት ቤት ተብሎ ነጭ ወረቀት ተለጠፈለት። ሥርጉት ሸሚዞቹን ከበሯ ላይ ቆማ አየቻቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ አልተለወጡም፤ ዝናብም ፀሐይም የሚፈራረቅባቸው እነዚያው ሁለቱ ናቸው።

ኮምቦልቻ ስትመለስ ወንጌላዊት አንድ መላ መታች። ለስሙ ያህል ለሆነ ሰው የኪራይ ውል ይጻፍ፣ ምን ችግር አለው አለች። ሥርጉት ሸሚዞቹ ትዝ አሏትና እንቢ አለች። ወንጌላዊትም ታከተች፤ ካልሆነ በእውነት ይከራይና በገንዘቡ ጉልበትሽን ታከሚበት ብላ ተነስታ ወጣች። ልጅቷ ክፋት የላትም። እናቷ ደረጃ ስትወጣ እያቃሰተች ስታይ አንጀቷ እያረረ ነው።

ደሴ ላይ ደግሞ ፀሐይነሽ ነበረች። ባሏ ማረው ኩላሊቱን ታሞ በሳምንት ሁለት ጊዜ እጥበት ስለሚያደርግ፣ ከሁሉም ረዥም ጊዜ የቆዩት እነሱ ናቸው፤ ሁለት ወር ሊሞላቸው ነው። ወሬውን ሰምታ ኖሮ አንድ ቀን ሥርጉትን ወደ ጥግ ወሰደቻትና ከቀበሌዬ መሸኛ አውጥቼ የዚህ ቤት ነዋሪ ነኝ ልበል አለቻት። ምንይሉም ይህ እንደሚያስኬድ ለሥርጉት ነግሯት ነበር። ሥርጉት ለአፍታ ደስ አላት፤ ከዚያ የእነ ፀሐይነሽ የእርሻ መሬት ትዝ አላት። ከቀበሌው ለቅቄ ሄጃለሁ ብሎ የፈረመ ገበሬ፣ ሲመለስ መሬቱ ላይ ማን ቆሞ እንደሚጠብቀው አይታወቅም።

«እርስዎ ቤትዎን ሰጥተውን የለም?» አለች ፀሐይነሽ።

«እኔ የሰጠሁት ማደሪያ ነው። አንቺ የምትሰጪኝ ኑሮሽን ነው፤ አይሆንም» አለች ሥርጉት።

የቀረው የመስክ ምልከታ ነበር። ሁለት ሰዎች ቤቱን በዓይናቸው አይተው ይወስናሉ ተባለ። ለዚህ ሥርጉት አልሰጋችም፤ በዚያ ሳምንት አሥራ አንድ ሰው ነበረበት። ለመዲና ደወለችና ሐሙስ እንግዳ ይመጣል አለቻት። እንግዳ! ይህን ቃል ለወሎ ሴት ተናግሮ ዝም ብሎ የሚቀመጥ አለ? መዲና ከማለዳው ተነስታ ፍራሹን ሁሉ አስነስታ እንደ ሳንቃ ደረደረች፣ ወለሉን አሳጠበች፣ ጓሮ የተሰጣውን ልብስ አስሰበሰበች። አስታማሚዎቹም ታማሚዎቹም እትዬ ሥርጉት እንግዳ እያለባት አናሳፍራት ብለው፣ ጉሮሮውን የሚያስለውም እግሩ የቆሰለውም ተደጋግፎ ወጥቶ ሆስፒታሉ አጥር ሥር ፀሐይ ሲሞቅ ዋለ። ሥርጉት ከኮምቦልቻ ስትደርስ ሁለቱ ሰዎች አይተው ጨርሰው ነበር። የታጠበ ወለል፣ የተደረደረ ፍራሽ፣ ዝንብ እንኳ የሌለበት ቤት። አንደኛው እንዲያውም ንጽሕናውን አመስግኖ ነው የሄደው። መዲና ፊቷን በሻርፗ ሸፍና «ወላሂ ላንቺ ብዬ ነው» አለች። ሥርጉት ያን ዕለት መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ እንደገና ደረጃውን ልትወጣ ሄደች።

ምንይሉ ያን ቀን እንደ መጀመሪያው ኮምፒውተሩን አላየም። እሷን አያት፤ ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ አያት። መመሪያውን አውጥቶ ገጽ በገጽ አገላበጠና አንድ መንገድ አገኘ። ቅጹን ባለቤቱ በስህተት ሞልቶት ከሆነ፣ ሦስት ጎረቤት መስክሮ፣ ባለቤቱ በእጅ ጽሑፉ ካስተካከለ ይታረማል ይላል።

«ስህተት ነው ይበሉና ይጻፉ። ቤቴ ክፍት አይደለም ይበሉ። በቃ፣ ያልቃል» አላት።

ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጣት። ሥርጉት ቀኑን ጻፈች፣ ስሟን ጻፈች፣ የቤት ቁጥሯን ጻፈች። እዚያ ላይ እጇ ቆመ። ቃሉ የእነሱ ቃል እንደሆነ፣ ባዶ አይደለም ማለቷ እንደሆነ ለራሷ ነገረች። ብሩ ግን አልጋው ላይ ሆኖ የሚያያት መሰላት። ጻፈችው። ቤቴ ክፍት አይደለም። መዲናና ሁለት ጎረቤቶች ፈረሙበት፣ በሳምንቱም ሦስት እጥፉ ተነሳላት።

የግብር ሠራተኞች መጥተው አረንጓዴው በር ላይ ነጩን ወረቀት ለጠፉ። በትልልቅ ፊደል «ይህ ቤት ክፍት አይደለም» ይላል፣ ከሥሩ ክብ ማኅተም አለው፣ ከማኅተሙ ሥር መንቀል እንደሚያስቀጣ ተጽፏል። ከመንገድ መነበብ ስላለበትም በሩ ገርበብ ማለቱ ቀርቶ እንዲዘጋ ነገሯቸው። መዲና ዘጋችው። ሥርጉት ኮምቦልቻ ገብታ ከሁለት ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ተኛች።

በየካቲት መጨረሻ መዲና ደወለች። ድምፅዋ ግራ የገባው ነበር። ከእነ ፀሐይነሽ በቀር ቤቱ ውስጥ ሰው የለም አለች። የነበሩት ድነው ሄደዋል፣ አዲስ የመጣ ግን የለም፤ እንዲህ ከሆነ አሥራ ሁለት ቀን ሊሞላው ነው። ኩታበር በሽታ ጠፋ እንዴ ብላ ልትቀልድ ሞከረች። ሥርጉት በማግስቱ የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይዛ ወጣች፤ ቤት ሳትገባ በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ሄደች።

በሽታስ አልጠፋም። በረንዳው ላይ፣ ድሮ አንሶላ ተሸክማ በምትራመድበት ቦታ፣ ሰው እንደ ድሮው ተኮራምቶ ተኝቷል። ከመካከላቸው አንድ ቄስ አየች፤ ጥምጥማቸውን አስተካክለው፣ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ባለቤታቸው አንገቷ በፋሻ ተጠቅልሎ ተጋድማለች። ሥርጉት አጎንብሳ ሰላም ካለቻቸው በኋላ ከየት እንደመጡ ጠየቀች። ቄስ ወንድምአገኘሁ ይባላሉ፣ ከኩታበር ናቸው፤ ባለቤታቸው የእንቅርት ቀዶ ሕክምና አድርጋ ከሆስፒታል ወጥታለች፣ ለቁስሉ ጠዋት ጠዋት ተመላለሱ ተብለው አምስት ቀናቸው ነው።

«ክፍቱን ቤት አልነገሯችሁም?» አለች።

«መች ጠፋን፣ ደርሰን ነበር። በሩ ላይ ክፍት አይደለም ይላል» አሉ ቄሱ።

«ታዲያ አታንኳኩም?»

«ማኅተም አለበት፣ ልጄ። ባለቤቱ አይደለም ብሎ ጽፎ አትሞ፣ እኔ አንኳኩቼ ሰውየውን ላሳፍር? የታከተው ሰው ይሆናል። ይህን ያህል ዘመን ማሳደሩም ትልቅ ነገር ነው።» ከዚያም ወደ በረንዳው በእጃቸው እያመለከቱ፣ እነዚያም ከእኛ በፊት ደርሰው አንብበው የተመለሱ ናቸው አሏት።

ለከተማ ሰው ያ የግብር ወረቀት ነው፤ አይቶ ያልፈዋል። እነሱ ግን ያነበቡት የተጻፈውን ነው። ሥርጉትን ያናደዳት ይህ ነው። የራሷ ቃል፣ በራሷ እጅ ጽሑፍ! ስልኳን አውጥታ እዚያው ቆማ ምንይሉ ጋ ደወለች። ወረቀቱን ብነቅለውስ አለችው። መቀጫ አለው፣ ቤቱም ወደ ክፍት ይመለሳል አላት። ከላዩ ላይ ብጽፍበትስ? እሱም እንደመንቀል ነው።

«በሩንስ?»

«በሩን ምን?»

«በሩን ባነሳውስ?»

ምንይሉ ገጽ ሲያገላብጥ ይሰማታል። «ስለ በር የተጻፈ የለም» አለ።

ጸጋው ብረት በያጁ ሱቁ ከሰኞ ገበያ በላይ ነው፤ ያን በር ያኔ የሠራው እሱ ራሱ ነበር። መቁረጫውን ይዞ መጣ። ሊሸጥ ነው ወይ ብሎ ጠየቃት፤ አይደለም አለችው። ማጠፊያዎቹን ሲቆርጥ ጎረቤት ሁሉ በጩኸቱ ወጣ። ፀሐይነሽና መዲና ከአንድ ወገን፣ ጸጋው ከሌላ ወገን ይዘው በሩን ከነወረቀቱ፣ ከነማኅተሙ፣ አንዲት ጥግ ሳትቀደድ ወደ ጓሮ ወሰዱትና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው አቆሙት። መዲና ሌባስ፣ ጅብስ ብላ ማጉረምረሟ አልቀረም። ሥርጉትን ጉልበቷ ይጠዘጥዛታል፣ የሚቀጥለው ጥቅምት ቅጽ ከአሁኑ ያናድዳታል፣ በሩን የቆረጠበትንም ዋጋ ጸጋው ገና አልተቀበለም። ፍራሾቹን ማውረድ ጀመረች።

ሥርጉት ከሰዓት ድጋሚ እዩት ብላቸው ስለነበር፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቄስ ወንድምአገኘሁ ባለቤታቸውን ደግፈው፣ ከኋላቸው የበረንዳው ሰው ተከትሏቸው መጡ። በሩ የነበረበት ቦታ ሲደርሱ ቆሙ። የሚያንኳኩበት ነገር ፈለጉ፣ አጡ፤ ወደ ግቢውም አልገቡም።

«ቤቶች» ብለው ተጣሩ።

ሥርጉት ፍራሽ እንደያዘች ብቅ አለች።

«ይግቡ አባቴ» አለች፤ «ክፍት ነው።»